በር ገጨኝ ያልኩባቸው ወራት

እኔ መርፌ እፈራለሁ ብል ሮቢት ውስጥ ማንም አያምነኝም። ሥራዬ ማሾ ነው። ከማጀቴና ከቀወት ገበሬዎች ማሾ እገዛለሁ፣ አስነፍቼ አስለቅማለሁ፣ ጆንያው ሲሞላ አፉን በእጄ እሰፋለሁ። የጆንያ መርፌ ርዝመቱ ስንዝር ይሆናል፤ ሲባጎ የሚጎትት ወፍራም ብረት ነው። በቀን ሃምሳ ጆንያ ስሰፋ የሚያዩኝ ጫኞች "እቱ፣ እኛንም አብረሽ እንዳትሰፊን" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቁጡ ነኝ፤ ይሄንን አልደብቅም። ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ካየሁ ድምፄ ገበያው ዳር ድረስ ይሰማል።

ይህችን እኔን ነው እንግዲህ ርዝመቷ ከጥፍሬ የማይበልጥ መርፌ ያንበረከከችኝ።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱንም አጥቻለሁ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ሳይሞላው ወረደ። ሁለተኛዋ ግን ሰባት ወር ሞልቷት ነበር። ስትራገጥ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ "ቀስ በይ አንቺ፣ እንደ እናትሽ ቁጡ ልትሆኚ ነው?" እላት ነበር። አንድ ቀን መራገጥ አቆመች። ወለድኳት፤ አላለቀሰችም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። በሳምንቱ ግራ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ፤ ባለቤቴ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ደብረ ሲናን አልፈን ደጋ ያለው ሆስፒታል ወጣን።

ደጋ ላይ ያየኝ ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነበር። "ደምሽ ቶሎ የሚረጋ ዓይነት ነው" አለኝ። "እግርሽን ያሳበጠው የረጋ ደም ነው። ልጆችሽንም ያሳጣሽ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከእንግዲህ ማርገዝሽን ባወቅሽ ቀን ቀጥታ ወደ እኔ ነይ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ባረገዝኩ ጊዜ ባወቅሁ በማግስቱ ሄድኩ። ሐኪሙ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በትንንሽ መርፌ ውስጥ ተሞልቶ የሚመጣ። "በየቀኑ አንድ፣ ሆድሽ ላይ፣ እስክትወልጂ ድረስ" አለኝ። "ከወለድሽም በኋላ ስድስት ሳምንት ትቀጥያለሽ።"

"ማን ነው የሚወጋኝ?" አልኩት።

"አንቺ ነሻ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

የመጀመሪያውን ሳምንት እኛው ከተማ ያለች ነርስ ወጋችኝ። በስምንተኛው ቀን መርፌውን እጄ ላይ አስቀመጠችና "በይ እንግዲህ፣ የዛሬው ያንቺ ነው፤ እኔ እሁድ የለሁም፣ በበዓልም የለሁም" አለችኝ። መልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። ላብ በላብ ሆንኩ። "ልጁን ብወጋውስ?" አልኳት። አልሳቀችብኝም፤ እግዜር ይስጣት። ወንበሯን ሳብ አድርጋ መርፌው ምን ያህል አጭር እንደሆነ፣ የሚገባው ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ ልጁ ከዚያ ርቆ በስንት ነገር ተሸፍኖ እንደተቀመጠ፣ መድኃኒቱም ወደ ልጁ እንደማያልፍ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ገባኝ። እጄ ግን አልገባውም።

ባለቤቴን ለመንኩት። ይሄ ሰው በወሎ መንገድ በከባድ መኪና መሃል ባጃጁን እያሹለከለከ የሚነዳ ሰው ነው። መርፌውን ተቀበለኝ፣ ክዳኑን ነቀለ፣ ጫፏን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "ውሃ ስጪኝ" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም "አይ ወንድ!" አልኩት። ከዚያ ወዲያ መርፌ በምወጋበት ሰዓት ቤት ውስጥ አይቀመጥም ነበር፤ እየሸሸ መስሎኝ በሆዴ እቀየመው ነበር።

የመውጊያ ሰዓቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር፤ ሙቀቱ ሳይነሳ። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚጀምረኝ ዓይኔን ስገልጥ ነው። አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ቀሚሴን ገልጬ መርፌውን ወደ ሆዴ አስጠጋለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እንደገና አስጠጋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ ስድስት ሰዓት ሆነ። ደንበኞቼ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ስልክ ይደውላሉ፤ እኔ ቤት ተቀምጬ አለቅሳለሁ። አለመውጋት ልጄን መግደል መሰለኝ፤ መውጋትም ልጄን መግደል መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ጣጣ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው "እንዴ፣ ለትንሽ መርፌ!" ይላል። ይበል።

መላውን ያገኘሁት ሥራዬ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ጆንያ ስሰፋ እጄን አየሁት። ጆንያ ሲሰፋ መጀመሪያ ጥጉን በግራ እጅ ጨበጥ አድርገን ጆሮ እናወጣለታለን፤ ጫኝ የሚይዘው እሱን ነው። ከዚያ መርፌው ይገባል። ጆንያ የሚሰፋ ሰው እዚህ ላይ አያመነታም፤ ካመነታ መርፌው ይንሸራተትና የራሱን እጅ ይወጋል። ይሄንን ማንም አላስተማረኝም፣ በስንት ዓመት የተወጋ ጣት የተማርኩት ነው። ነርሷም እኮ ስታስተምረኝ "ሆድሽን ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢ፣ ቀጥ አድርገሽ አስገቢ" ነበር ያለችው።

በማግስቱ በስመ አብ ብዬ ሆዴን ቆንጠጥ አደረግሁና "አንቺ ሆድ፣ የዛሬን ጆንያ ነሽ" አልኩ። ጆሮውን ያዝኩ። ገባ። ገፋሁት፣ በቀስታ እስከ አስር ቆጠርኩ፣ አወጣሁት። ብቻዬን ቤት ውስጥ "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ። ፍርሃቱ በዚያ ቀን ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ በየማለዳው ከእኔ ጋር ይነሳ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራውን ያውቅ ስለነበር ለፍርሃቱ "ቁጭ በልና እይ" የምለው ነገር አገኘሁ።

መድኃኒቱን ሙቀት እንዳይመታው ተጠንቀቂ ተብያለሁ። የሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ ይሄ ቀልድ ነው። ማሰሮ ውስጥ ከትቼ ማሰሮውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ የመስኮቱ ነፋስ በሚደርስበት ቦታ አኖርኩት። የተወጋሁበትን መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው ባዶ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አጠራቅም ነበር። ሁለቱም አልጋዬ ሥር ነበሩ፤ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ ከሰው ደብቄ ነው የማደርገው።

ለምን ደበቅሁ? በፊት ሆዴ ሳይገፋ ለሰው ተናግሬ ሁለት ጊዜ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ ተቀብያለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ያንን ፊት ማየት አልፈለግሁም። መርፌውንማ ካዩ አለቀልኝ፤ አንዱ ስኳር ነው ይላል፣ ሌላው ያ በሽታ ነው ይላል፣ ማሾዬን ራሱ የሚገዛኝ አይኖርም። ሆዴ ሲገፋ እርግዝናውን መደበቅ አልቻልኩም። የመርፌውን ነገር ግን ባለቤቴን አስማልኩት።

"በሆዴ ውስጥ ባለው ልጅ ማልልኝ" አልኩት።

ራሱን አከከ። "ሌላ የሚማልበት ጠፋ?"

"በእሱ ነው የምትምለው።"

ማለ።

ስድስተኛው ወር ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ደም የሚያቀጥን መርፌ ሆድን ያበልዛል። አንዱ ሐምራዊ ነው፣ ያለፈው ሳምንት አረንጓዴ ሆኗል፣ የቆየው ቢጫ ነው። አንድ ቀን ማሾ ስናስነፋ ቀሚሴ በላብና በአቧራ ጨቅይቶ መጋዘን ጓዳ ገብቼ ልቀይር ስል ጎረቤቴ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ዘው አሉ። እኚህ ሴት እንደ እናት የማያቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ አምስት ወቅት ሰላታቸውን የማያስታጉሉ ሙስሊም ናቸው። ሆዴን አዩ። ወንፊቱ ከእጃቸው ወደቀ።

"ቢስሚላህ! ምንድን ነው ይሄ?"

አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። "በር ገጨኝ እትዬ።"

"በር?" አሉኝ ጠጋ ብለው እያዩ። "ዘጠኝ ቦታ? ምን ዓይነት በር ነው እንዲህ አነጣጥሮ የሚገጭ?"

"ምንም አይደለም፣ ይተዉት" ብዬ ቀሚሴን ሳብኩ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። እንግዲህ ሆዷ የበለዘ እርጉዝ ሴት፣ በር ገጨኝ ብላ ስታለቅስ፣ ሰው ምን ይበል? እኔ ራሴ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ግቢያችን ገቡ፤ አንዱ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ ሌላው ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐጂ። እትዬ አብረዋቸው መጥተው እኔ አጠገብ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙ። ባለቤቴ ባጃጁን ያጥብ ነበር፤ እጁን ጠርጎ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር አወጣላቸው። እሱ ቆመ።

"ልጄ" አሉ ሊቀመንበሩ፣ "ልንጣላህ አልመጣንም። ግን ሁለት ነፍስ የያዘች ሴት ሆድ ይመታል ወይ?"

ባለቤቴ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ ገባው።

"አልመታኋትም" አለ።

"ታዲያ ሆዷን ምን አበለዘው?"

ዝም አለ።

ሐጂ ቁጣቸው ገነፈለ። "አላህን አትፈራም? ሁለት ልጅ ያጣች ሴት! አንተ አብረሃት አይደል የቀበርከው? በምን እጅህ ነው የምትነካት?"

ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየዋለሁ። ያቺን ልጅ በእጁ አቅፎ የወሰዳት እሱ ነው። ይሄን እየሰማ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። አሁን ይናገራል፣ አሁን ያጋልጠኛል እያልኩ እጠብቃለሁ፤ እሱ ግን የእግሩን ጣት ያያል።

"ዝም ካልክማ ተቀበልክ ማለት ነው" አሉ ሊቀመንበሩ። "እስክትወልድ ድረስ እኚህ ጎረቤታችሁ ቤት ትቆያለች። አንተም ወደዚያ ቤት እንዳትደርስ። ያንተን ነገር ደግሞ እድሩ ተሰብስቦ ያየዋል።"

"እሺ" አለ ባለቤቴ።

ያቺ "እሺ" አንጀቴን በላችው። እጄን ከእትዬ እጅ መንጭቄ ቤት ገባሁና ጀሪካኑን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት አምጥቼ አንቀጫቀጭኩት። "የመታኝ ይኸው!" አልኩ። "እያንዳንዷን የወጋሁት እኔ ነኝ! ሆዴን ያበለዝኩት እኔ ነኝ!" ጮኼ ጀምሬ እያለቀስኩ ጨረስኩ። ሐኪሙ ያለኝን፣ እግሬን፣ ልጆቼን፣ ፍርሃቴን፣ ባለቤቴን ያስማልኩበትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ለሁለት ሽማግሌ ሆዴን ገልጬ ላሳይ ምንም አልቀረኝም።

ሊቀመንበሩ ቆባቸውን አውልቀው ተነሱ። "ይቅር በለን ልጄ" ብለው ጎንበስ ሲሉ ባለቤቴ ዘሎ ያዛቸው። "ኧረ አባባ፣ አይደረግም፣ አንቱ ለእኔ!" ሐጂም "አፉ በለን፣ አፉ በለን" እያሉ ትከሻውን ጨበጡት። እትዬ ግን እኔ ላይ ነው የዞሩት። ጭኔን በጥፊ አጮሉኝ። "በር ገጨኝ! በር! ሰውዬውን ልታስበይው!" ሁላችንም ሳቅን። ባለቤቴ እየሳቀ ፊቱን በታጠበው ባጃጅ በኩል አዞረና በእጅጌው ጠረገው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ "ምነው ዝም አልክ?" አልኩት። ተቆጥቼ ነው ያልኩት፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም።

"ምን ልበል?" አለኝ። "በልጁ አስምለሽኛል። እነሱ ቢጠሉኝ ነገ ይወዱኛል። ቃሌን አጥፌ እሱ አንድ ነገር ቢሆን ግን፣ ምን እሆናለሁ?"

ያኔ ነው እሱም በየቀኑ ሲፈራ እንደከረመ የገባኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይሸሻል ያልኩት ሰው፣ ለካ ደጅ ባጃጁ ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ይጠብቅ ነበር። ያን ሁሉ ወር እኔ ሳልወጋ ተሳፋሪ ጭኖ አያውቅም። እኔ ደግሞ "አይ ወንድ" እለዋለሁ! ይህን ሰው ለሰጠኝ አምላክ እስከ ዛሬ ምስጋናዬን አልጨረስኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ብቻዬን ተወግቼ አላውቅም። እትዬ ከሰላታቸው በኋላ ይመጣሉ፣ ወንበር ይስባሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ። እሳቸውም መርፌ ማየት አይችሉማ! እኔ በስመ አብ እላለሁ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ አብረን እስከ አስር እንቆጥራለን። እኔ መጋዘን ስውል ማሰሮዬ የተጠቀለለበትን ጆንያ በቀትር ውሃ የሚያርሱልኝ እሳቸው ናቸው። የፈራሁት ሐሜትም አልመጣም፤ ወይም መጥቶ ከሆነ እትዬ በር ላይ መልሰውታል። ማሾዬን ያልገዛኝ የለም። ደጋ የሚሄድ ሾፌር ሁሉ "መድኃኒት የምናመጣልሽ አለ?" ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ስንት ወር በከንቱ ብቻዬን እንደፈራሁ ሳስብ በራሴ እናደዳለሁ።

ዘጠነኛው ወር ውስጥ አንድ ማለዳ መርፌውን ይዤ ሆዴን ቆንጠጥ ሳደርግ ወገቤን ቆረጠኝ። ቆየት ብሎ ደገመኝ። ነርሷ ጋ ደወልኩ። "እንዳትወጊ!" አለችኝ። "ምጥ ከሆነ መድኃኒቱ ይቆያል፤ ነይ።" ስንት ወር የጠላኋትን መርፌ አትውጊ ስባል ደስ ሊለኝ አይገባም? ፈራሁ። ያለ እሷ መንገድ መውጣት ራቁቴን መሄድ መሰለኝ። ባለቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው መንገዱን ሁሉ በቀስታ ነዳ፤ እኔ ከኋላ "ንዳው እንጂ አንተ ሰው!" እያልኩ እጮሃለሁ፣ እትዬ "ዝም በይና ተንፍሺ" ይሉኛል።

ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወለድኩ። ሴት። አዋላጇ ገና ሳትጠርጋት አለቀሰች። ኧረ ለቅሶ! ክፍሉን ሞላችው። አዋላጇ ልታባብላት ስትል "ተያት! ተያት ታልቅስ!" አልኳት። ደጅ ሆነው ድምፁን የሰሙት እትዬ አልሐምዱሊላህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ የባለቤቴን ድምፅ ግን አልሰማሁም። ኋላ ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

በነገታው ሐኪሞቹ መርፌውን አስጀመሩኝ፣ ወደ ቤቴም ላኩኝ። አራስ ቤቴ በሴት ተሞላ፤ ገንፎው፣ ሳቁ፣ ልጅቷን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበሉ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መርፌዬን ከማሰሮው ሳወጣ ሴቶቹ አዘኑልኝ። "ልጅሽ ወጣችልሽ አይደል፣ ከእንግዲህ ምን አሰቃየሽ?" አሉኝ። "ይብቃሽ እንጂ፣ አራስ ገላ ነው።" በክፋት አላሉትም። እኔም ደክሞኝ ነበር። ሆዴ ባዶ ሆኖ ተሸብሽቧል፣ ቆንጥጬ ስይዘው ለማን እንደምይዘው ጠፋኝ። ያን ሁሉ ወር በየማለዳው "ይሄ ላንተ ነው፣ ይሄ ላንቺ ነው" እያልኩ ነው የወጋሁት። አሁን ልጅቷ ይኸው እዚያ ማዶ ታዛጋለች። መርፌውን ወደ ማሰሮው መለስኩት።

እትዬ የዚያን ቀን ዘግይተው መጡ። ነርሷ ጋ ሄደው ስንት ቀን እንደቀረኝ ሲጠይቁ ነበር የቆዩት። ልጅቷን ከአንዷ ሴት ተቀብለው ታቀፏትና "ወጋሽ?" አሉኝ።

"ነገ እወጋለሁ እትዬ። ልጅቷ እኮ ወጣች።"

ከዚያ በፊት እትዬ ከልባቸው ተቆጥተውኝ አያውቁም።

"ነርሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? ደም የሚረጋባት ሴት ከወለደች በኋላ ነው የባሰ የሚያሰጋት አለችኝ። እስከ ዛሬ ለልጅሽ ስትወጊ ዝም ብዬ ግድግዳ አይቻለሁ" አሉ። "የዛሬው ግን ላንቺ ነው። እዚህ ቤት አንቺንም የሚፈልግ ሰው አለ። ውጊ፤ ዛሬ እኔም አያለሁ።"

ልጅቷን እንደታቀፉ ፊታቸውን ከግድግዳው ወደ እኔ አዞሩ። እንባዬ እየወረደ ቀሚሴን ገለጥኩና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ብዬ ወጋሁ።